አንድ አምፖል ለሁለት ቤት

ባለፈው ሰሞን ልጄ ለትምህርት ቤት ሥራዋ ወረቀት ስታጣብቅ ሙጫ አለቀባት። ዶፍ ስለነበረ ሱቅ ልልካት አልፈለግኩም። «ዱቄት በውሃ በጥብጪና እሳት ላይ አማስዪው፤ ይለጥፍልሻል» አልኳት። ዱቄቱ መንተክተክ ሲጀምር ያ ጥሬም ብስልም ያልሆነ ሽታ ማድ ቤቱን ሞላው። እኔ ደግሞ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ማማሰያውን ከእጇ ነጥቄ መስኮቱን ብርግድ አድርጌ ከፈትኩት።

«እማዬ፣ ብርድ እኮ ነው!» አለችኝ።

መስኮቱን ግን አልዘጋሁትም። ያን ዕለት መልስ ያጣሁለትን ነገር ነው አሁን የምጽፈው።

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ጉለሌ ውስጥ፣ ከአዲሱ ገበያ ወደ ላይ በሚወጣው ዳገት ላይ የነበረ የጭቃ ቤት ነው። አንድ ረጅም ቤት ለሁለት ተከፍሎ በአንደኛው ክፍል እኛ፣ በሌላኛው እትዬ በላይነሽ የሚባሉ ብቸኛ ሴት ይኖሩ ነበር። እኛ አራት ነን፦ አባቴ ሸምሱ፣ እናቴ ራህመት፣ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት፣ ሁሉም ሙና የሚሉኝ እኔ ሙኒራ፣ እና በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የተወለደው ወንድሜ ነስሩ። አባቴ አዲሱ ገበያ ውስጥ ጠባብ ሱቅ ነበረችው፤ ላምባ፣ ክብሪት፣ ሻማና ከሰል ይሸጥባታል። እትዬ በላይነሽ ጥጥ ፈትለው ሽሮ ሜዳ ለሸማኔዎች ያስረክባሉ። ነጠላቸው ሁልጊዜ ነጭ ነው። ዳዊታቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ወደ ቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ሲወጡና ሲወርዱ የሰፈር ልጅ ሁሉ ጨዋታውን አቁሞ ያሳልፋቸዋል። በዕድሜ ስለሚበልጧቸው አባቴም እናቴም «እርስዎ» ነው የሚሏቸው፤ እሳቸው ግን ሁላችንንም አንተ፣ አንቺ ይሉናል።

ለሁለታችን ቤት የነበረው አንድ የመብራት ቆጣሪ ነው፤ እሱም የተሰቀለው በእሳቸው ክፍል ነው። አምፖሉም አንድ ነበር። በመሃላችን ያለው ግድግዳ አናቱ ላይ የጎድጓዳ ሳህን አፍ የሚያህል ቀዳዳ ነበረው። አምፖሉ እዚያ መሃል ተንጠልጥሎ ግማሹን ብርሃን ለእኛ፣ ግማሹን ለእሳቸው ይሰጣል። ማብሪያ ማጥፊያው ግን በእሳቸው በኩል ነበር።

«እትዬ፣ መሸ እኮ፣ ያብሩልን» ትላለች እናቴ አንገቷን ወደ ቀዳዳው ቀና አድርጋ።

«አበራሁ!» ይላሉ እሳቸው።

በዚያ ቀዳዳ ጨው ይጠየቃል፣ የቀበሌው ሱቅ ሳሙና ማምጣት አለማምጣቱ ይጣራል፣ ነስሩ ሲያለቅስ «ሆዱን ነው፣ በግንባሩ አስተኚው» የሚል ምክር ይመጣል።

ቆጣሪ ማለት ሰው ይመስለኝ ነበር። በዚያ ጥቁር ሳጥን ውስጥ አንድ ትንሽዬ ሰውዬ ተቀምጦ የምናደርገውን ሁሉ የሚቆጥር። እትዬ በላይነሽ ጋ ስላክ ጆሮዬን እለጥፍበታለሁ፤ ዝዝዝ የሚል ድምፅ ይሰማኛል፤ እየቆጠረ ነው ማለት ነው። በየወሩ ደግሞ አንድ ካፖርት የለበሰ ሰው ሲመጣ «ቆጣሪ አንባቢው መጣ» ይባላል። ያን ጊዜ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጧጧፈበት ወቅት ነው። እናቴም ቀበሌ ሄዳ ፊደል መቁጠር ጀምራ ነበር።

«እማዬ፣ ስትጨርሺ ቆጣሪ አንባቢ ትሆኛለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ኢንሻላህ» አለችና ሳቀች። እኔ የምሯን መስሎኝ ለጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ።

ክረምቱ ሲገባ የመብራት ሂሳቡ በአንድ ጊዜ አሻቀበ። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። አባቴ፣ እትዬ በላይነሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ደብቀው የሚያበስሉ መሰለው። እሳቸው ደግሞ እኛ ከአምፖሉ ላይ ሽቦ ቀጥለን ልብስ የምንተኩስ መሰላቸው።

«እናንተ አራት ናችሁ፣ እኔ አንድ ነኝ» አሉ በቀዳዳው። «በሰው ቁጥር ይከፈል።»

«እትዬ፣ አምፖል በሰው ቁጥር አይበራም እኮ» አለ አባቴ። «አንድም ሰው ቢያየው አሥርም ቢያየው ያው ነው። ግማሽ በግማሽ ነው የሚያዋጣን።»

እኔን ያስጨነቀኝ የነስሩ ነገር ነው። እሱ ቀኑን ሙሉ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚውለው። ዓይኑን የጨፈነ ሰው ከአምፖሉ ምን ተጠቀመና ይቆጠራል? ይህን ብናገር ጠቡ እዚያው የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። ግን ትልልቅ ሰዎች ሲነጋገሩ ልጅ አይገባም።

በማግስቱ አባቴ እናቴንና እኔን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጦ «ለመብራት የጨመረውን ከማገዶ ቆጥበን ነው የምንሞላው፤ ይህን ክረምት በዘዴ ነው የምናልፈው» አለን። ዘዴ የሚለውን ቃል ሲናገር ፊቱ ያበራ ነበር። አባቴ ነገር ማባከን የሚያመው ሰው ነው፤ ሱቁ ውስጥ ዕቃ የታሰረበትን ሲባጎ ሳይፈታ የሚቆርጥ ደንበኛ ካየ ቀኑን ሙሉ ይከፋዋል።

የመጀመሪያው ዘዴ ድስት መጠቅለል ነበር። ባቄላው አንድ ጊዜ ከፈላ በኋላ ከእሳት ይወርድና ድስቱ በአሮጌ ጋቢ ተጠቅልሎ፣ በላዩ ብርድ ልብስ ተደርቦበት አልጋ ላይ ይቀመጣል። በራሱ ሙቀት ሲበስል ይውላል። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። ከቦኖ ውሃ ቀድቼ ስገባ እናቴ በአልጋው አንድ ጫፍ ነስሩን፣ በሌላው ጫፍ አንድ የተጠቀለለ ድብልብል ነገር አስተኝታ ቀስ ብላ ታለብሰዋለች። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «ቀስ፣ እንዳትነኪው» አለችኝ። ባልዲውን አስቀምጬ ወንበር ላይ ወጣሁና በቀዳዳው ሹክ አልኩ።

«እትዬ! ሌላ ሕፃን መጣ!»

እንዝርታቸው ሲቆም ተሰማኝ። ነገሩን እናቴ ስታስረዳቸው ሳቃቸው ግድግዳውን አልፎ መጣ። «በሉ እንግዲህ አምስት ሆናችኋል፤ የእናንተም ሂሳብ የአምስት ሰው ነው!» አሉ። እናቴም አብራቸው ሳቀች። አባቴ ማታ ሲነገረው ግን አልሳቀም።

ሁለተኛው ዘዴ የእኔ ሥራ ሆነ። በየከሰሉ ጆንያ ግርጌ የሚቀረውን ድቃቂ፣ ሰው የማይገዛውን፣ አባቴ በከረጢት ያመጣዋል። እኔ ከጭቃና ከውሃ ጋር ለውሼ እንደ ብርቱካን አድበልብዬ በቆርቆሮ ላይ እደረድረዋለሁ። ሲደርቅ ይነዳል፤ ቶሎም አያልቅም። ችግሩ ክረምት መሆኑ ነው። ፀሐይ ብቅ ስትል እያወጣሁ፣ ሲያካፋ እየሮጥኩ ሳስገባ እውላለሁ። ጥፍሮቼ ሥር የገባው ጥቁር አልለቅ ብሎ የቁርአን ትምህርት ቤት ኡስታዜ እጄን ይዘው ደጋግመው አሳጠቡኝ። ኳሶቹ ግን አንድም ቀን ደርቀው አያውቁም። እናቴ እርጥባቸውን ታነዳቸዋለች፤ ሳይነበለበሉ እየተብሰለሰሉ ይውላሉ።

ድሮ የምናበስለው ግቢ ውስጥ ባለችው ማድ ቤት ነበር። አባቴ እሷንም አስቀራት። «ሙቀቱን ለሜዳ ነው የምንሰጠው» አለ። «ምድጃው እቤት ይግባ። ወጡም ይበስላል፣ ሕፃኑም ይሞቃል፣ የሽንት ጨርቁም ይደርቃል።» ነስሩ ያን ሰሞን ጉንፋን ይዞት ደረቱ ሲር ሲር ይል ስለነበረ እናቴም ደስ አላት። ምድጃው ገባ።

ሦስተኛው ዘዴ ወረቀቱ ነው። አንድ እሑድ ቀኑን ሙሉ ቤቱን በጋዜጣ ለጠፍነው። እናቴ የዱቄት ሙጫውን ታማስላለች፣ እኔ ሳህኑን እይዛለሁ፣ አባቴ በወንበር ላይ ቆሞ ይለጥፋል። የግድግዳው ስንጥቅ፣ የመስኮቱ ዙሪያ፣ በቆርቆሮውና በግድግዳው መሃል ያለው ክፍተት፣ አንድም አልቀረ። በሩ ሥር ጨርቅ ተወሸቀ። ማታ ምድጃው ሲነድ ቤቱ እንደ ፍል ውሃ መታጠቢያ ሞቀ። አባቴ መሃል ወለሉ ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋና «ንፋስ ይሰማሻል? አይሰማሽም አይደል?» አለኝ። እውነትም አይሰማም። እንደዚያ ቀን ኮርቶ አይቼው አላውቅም።

እናቴ ደግሞ ወረቀቱን ለሌላ ነገር ወደደችው። ከወለደች ጀምሮ ማታ ማታ ቀበሌ መሄድ ስላልቻለች ትምህርቷ ተቋርጦ ነበር። አሁን ግድግዳው ሁሉ ፊደል ሆነላት። ከሰዓት በኋላ ነስሩ ሲተኛ እኔ የመጥረጊያ እንጨት ይዤ አስተማሪ እሆናለሁ። «ይሄ ማነው?» እላለሁ ጮክ ብዬ። «በ» ትላለች ጮክ ብላ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ካልጮህን አንሰማማም።

አንድ ጋዜጣ ብቻ ተበላሽቶ ነበር። ከአልጋው በላይ ያለውን አባቴ ዘቅዝቆ ለጠፈው። ትልቅ የትራክተር ሥዕል አለበት፤ ጎማው ወደ ሰማይ፣ ሹፌሩ ደግሞ በራሱ ተተክሎ። ፊደሎቹም ተገልብጠዋል። አልጋው ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ላነበው እሞክር ነበር።

ነሐሴ ገባ፣ የፍልሰታ ጾምም ያዘ። እትዬ በላይነሽ ለኪዳን ጎህ ሳይቀድ ይነሳሉ፤ አምፖሉን ሲያበሩት ነስሩ ይነቃና ጩኸቱን ይለቀዋል። ማታ ደግሞ ለነገው ቶሎ መተኛት ስላለባቸው እኛ ገና ራት ላይ ሳለን ያጠፉታል።

«እትዬ፣ እንጀራው ከእጃችን ላይ እንኳን አልወረደም!» አለ አንድ ማታ አባቴ በጨለማ።

«በጊዜ ብሉዋ! ለሂሳቡ እንደሆነ ግማሽ ነው የምትከፍሉት!»

«የእኔ ልጅ ጎህ ሳይቀድ በእርስዎ መብራት እየነቃ ነው የታመመው!»

«መብራት ሰው አያሳምምም! ደግሞ ብትጮህብኝ ለቀበሌ ነው የምነግርህ!»

ቀበሌ የሚለው ቃል ሲነሳ እናቴ አባቴን «ተው» አለችው። በዚያ ዘመን ይህ ቃል በጎረቤት መሃል በዋዛ የሚነሳ አልነበረም። እሳቸውም የተጸጸቱ መሰለኝ፤ ለረጅም ጊዜ ከግድግዳው ወዲያ ምንም አልተንቀሳቀሰም። አባቴ ግን በማግስቱ ከሱቅ የሳሙና ካርቶን ይዞ መጣ። አምፖሉን ወደ እሳቸው በኩል ገፋው፣ ቀዳዳውን በካርቶን ደፈነው፣ በላዩም ጋዜጣ ደራርቦ ለጠፈበት። እኛ ፋኖስ ለኮስን።

«እትዬ በላይነሽን አታናግሪ» አለኝ። «ሰላም ካሉሽ እጅ ንሺና እለፊ።»

ለምን እንደሆነ አልገባኝም። እሳቸውን ከማናገር ይልቅ አለማናገር ነው የሚያሳፍረው። በር ላይ ስንገናኝ እኔ መሬት አያለሁ፣ እሳቸው ሰማይ ያያሉ።

ራሴን ማዞር የጀመረኝ ያኔ ነው። ጠዋት ስነሳ ግንባሬ ውስጥ የሚቀጠቀጥ ነገር አለ። ቦኖ ሄጄ ወረፋ ስጠብቅ ይተወኛል፤ ቤት ገብቼ ትንሽ ስቆይ ይመለሳል። እናቴም ራሷን በሻሽ ጥብቅ አድርጋ አስራ ትውላለች። ትናንት ጥርት አድርጋ ያነበበችውን ፊደል ዛሬ ታጣዋለች። ወጡን ጨው ሁለት ጊዜ ትጨምርበታለች። አባቴ ማታ ብቻ ስለሚገባ ደህና ነበር፤ «ብርዱ ነው» አለ። በሩ ሥር ያለውን ጨርቅ ጨመረበት።

እኔ ግን ምክንያቱን አገኘሁት። የተዘቀዘቀው ጋዜጣ ነው። ሰው የተገለበጠ ፊደል ሲያይ ከዋለ ራሱ ይዞራል፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? እናቴ ውጭ ጨርቅ ስታሰጣ አልጋው ላይ ቆሜ ትራክተሩን ከጫፉ ጀምሬ ላጥኩት። ከሥሩ ቀጭን ንፋስ ፊቴ ላይ ፉት አለ። አባቴ ማታ ሲያየው ተቆጣ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ራሳችንን የሚያዞረን እሱ ነው፣ አባባ። ተገልብጧል።»

ቢስቅም ቁጣው አልለቀቀውም። በቦታው ሌላ ጋዜጣ፣ በዚያ ላይ ሌላ ለጠፈበት፤ አሁን ፊደሎቹ ቀጥ ብለዋል። «በቃ፣ ዳነ» አለኝ። በማግስቱ ግን ራሴ ባሰበት። መድኃኒቱ ተሠርቶ በሽታው ለምን እንደበረታ ግራ ገባኝ።

በዚያ ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ይወርዳል። እናቴ ምድጃው ላይ የከሰል ኳሶቼን ጨምራ፣ የነስሩን ጨርቆች ዙሪያውን አንጠልጥላ፣ በሩን ቀርቅራ ገባች። «ነይ፣ አስተምሪኝ» አለች። እንጨቴን ይዤ ቆምኩ።

«ተ» አልኩ። «ተ» አለች። «ቸ።» «ቸ።» «ኀ።» «ኀ።» «ነ።» እሱን አልደገመችውም። ከዚያ ሳቀች፤ የእሷ ሳቅ አይደለም፣ ወፍራም ነው።

«ኘ» አልኩ።

«ኸድጃ፣ በሩን ዝጊው» አለችኝ።

ኸድጃ ስልጤ አገር የቀረች እህቷ ናት። አይቻት አላውቅም።

«እማዬ፣ ሙና ነኝ። በሩም ዝግ ነው።»

«ላሞቹ ይገባሉ» አለች ቀስ ብላ፣ ነስሩ አጠገብ ጋደም እያለች። «ዝጊው፣ ኸድጃ።»

ምን ማለቷ እንደሆነ ልጠይቃት ፈልጌ አፌ አልታዘዝልኝ አለ። እንጨቱ ከእጄ ወደቀ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ፣ ከዚያም ተኛሁ። ቦኖ ጋ ወረፋ የያዝኩ መሰለኝ፤ የሰው ባልዲ ሁሉ እየሞላ ይሄዳል፣ የእኔ ተራ ግን አይደርስም። ዝናቡ ሩቅ ሄደ።

ከላይ ግው ግው የሚል ድምፅ መጣ። ዓይኔን ስገልጥ ግድግዳው አናት ላይ ያለው ጋዜጣ ወደ እኛ ይነፋል፣ ይመለሳል፣ ይነፋል። ከዚያ ተቀደደና ከፊደሎቹ መሃል አንድ ዘነዘና ወጣ። ቀጥሎ ክንድ ወጣ። የሰው ክንድ ከጋዜጣ ውስጥ ሲበቅል አየሁ፤ አልፈራሁም፣ አልገረመኝምም፤ የማን እንደሆነ ለማወቅ ብቻ እሞክር ነበር።

«ራህመት! አንቺ ራህመት!» አለ ክንዱ። «ሙና! ሙናዬ፣ ትሰሚኛለሽ?»

እትዬ በላይነሽ ናቸው። እንዳናግራቸው አልተፈቀደልኝም።

«ሙና! ተነሽ! በሩን ክፈቺ! ተቀርቅሯል፣ መግባት አልቻልኩም!»

«አባባ ይቆጣል» አልኩ ወይም ያልኩ መሰለኝ። «ሙቀቱ ይወጣል።»

«ይውጣ!» ድምፃቸው ተሰነጠቀ። «ይውጣ የኔ ልጅ! በመድኃኔ ዓለም፣ ይውጣ!»

ትልቅ ሰው ሲለምነኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው። መቆም ስላልቻልኩ በደረቴ ተሳብኩ። በሩ ሥር ያለው ጨርቅ አፍንጫዬ ላይ ነበር። መቀርቀሪያውን በሁለት እጄ ያዝኩት፣ ለቀቀኝ፣ ደግሜ ያዝኩት። ከዚያ በሩ ከውጭ ተገፋና ብርዱ እንደ ውሃ ተደፋብኝ።

እትዬ በላይነሽ እኔን በአንድ እጃቸው ወደ ውጭ ወርውረው ተራመዱኝ። እናቴን በብብቷ ይዘው እየጎተቱ አወጧት፤ ተረከዟ ጭቃው ላይ ሁለት መስመር አሰመረ። ተመልሰው ነስሩን አመጡት። ከንፈሩ ሌላ ቀለም ነበረው። ያንን ነጭ ነጠላቸውን ጭቃ ላይ ጥለው ውስጥ እግሩን በጥፊ ይመቱት ጀመር።

«አልቅስ! አንተ ልጅ፣ አልቅስ!»

ሁልጊዜ «አታልቅስ» ይባል የነበረው ልጅ አሁን እንዲያለቅስ ይመታል። እኔ ዝናብ ውስጥ ተቀምጬ ማስታወኬን ይዣለሁ። ነስሩ ሲያቃስት፣ ከዚያም እሪ ሲል እትዬ በላይነሽ ከእሱ ብሰው አለቀሱ።

ጎረቤት ተጠራርቶ እናቴን በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዳት። እኔም በሰው ጀርባ ታዝዬ ሄድኩ። የጤና ረዳቱ፣ ድሬሰሩ፣ ዓይኖቻችንን በባትሪ እያየ ስለ ቤቱ ጠየቀ። አባቴ አንድ ጫማው መንገድ ላይ ወልቆ ቀርቶ ደረሰ፤ መልሱን የሰጠው እሱ ነው።

«ከሰሉ ነው» አለ ድሬሰሩ። «ጭሱ ባይታይም፣ ባይሸትም ይገድላል። ቤቱን ምን ብላችሁ ነው እንዲህ የጠረቀማችሁት?»

አባቴ ጫማ የሌለውን እግሩን ያይ ጀመር። እኔ ደግሞ አዲስ ጭንቀት ገባኝ። አባቴ የሚሸጠው ከሰል ነው። ከእሱ የሚገዛ ሰው ሁሉ ሊሞት ነው? ደንበኞቹን አንድ በአንድ በልቤ አሰብኳቸው። ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ከሰል ገዳይ መሆኑን ሳይናገር እንዴት ሲሸጥ እንደኖረ ልጠይቀው ፈልጌ ፊቱን ሳይ ተውኩት።

ስንመለስ አባቴ ወረቀቱን በሙሉ ላጠው። በሩን ከፍቶ፣ ማንንም ሳያናግር፣ በቢላ፣ በጥፍሩ። ምድጃው ወደ ማድ ቤት ተመለሰ። ኳሶቼ ጉድጓድ ተጣሉ። በሦስተኛው ቀን ከሱቅ በሻሽ የተቋጠረ ስኳር ይዞ እትዬ በላይነሽ በር ላይ ቆመ። እኔ ከኋላው ነበርኩ።

«እትዬ፣ ምን እንደምል አላውቅም» አለ።

«እግዜርን አመስግን። ስኳሩን መልሰው።»

«እባክዎ...»

«ስኳር ልትሰጠኝ ነው ያወጣኋቸው?» አሉና በሩን ዘጉት።

አባቴ ስኳሩን እንደያዘ ቆመ። እኔም ምንም አልገባኝ። ሕይወታችንን ያተረፉ ሰው ወዳጃችን መሆን ነበረባቸው። ቀዳዳው ተከፍቷል፣ ካርቶኑ የለም። አምፖሉ ግን በእሳቸው በኩል እንደሆነ ቀረ፤ ማታ ማታ ብርሃኑ ወደ እኛ ጣሪያ ቀጭን ሆኖ ይደርሳል። አባቴ ቀና ብሎ ያየውና ፋኖሱን ያበራል።

እናቴ ቀስ እያለች አገገመች። ለጥቂት ቀናት አንዳንዴ ኸድጃ እያለች ትጠራኝ ነበር፤ ከዚያ ተወችው። ፊደሉ ግን ጠፋባት። ከትምህርት ቤት ደብተሬ ላይ ገልጬ ሳሳያት ፊቷን ታዞራለች። «ሳየው ያቅለሸልሸኛል፣ ተይኝ» ትላለች። የተላጠው ግድግዳ ላይ አልፎ አልፎ የቀሩ ፊደሎች ነበሩ፤ እነሱንም በጭቃ ለቀለቀቻቸው።

ጳጉሜን ላይ ዝናቡ ሲቀንስ፣ አባቴ ሱቅ በሄደበት፣ እትዬ በላይነሽ እንዝርታቸውን ይዘው በራችን ላይ ቆሙ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን ረግጠው አያውቁም። እናቴ ደንግጣ ከአልጋው ተነሳች።

«ተቀመጪ» አሏት፤ እሳቸውም ደፉ አጠገብ ባለው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ፣ ለምንድነው የማታስተምሪው?»

«እማዬ እምቢ አለች።»

«ኘ ላይ ነው የቆማችሁት። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ማነው?»

እናቴ አየቻቸው። «እትዬ፣ እርስዎ እንዴት ያውቃሉ?»

«ግድግዳው ስስ ነው።» እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አሾሩት፣ አልፈተሉም። «ከእናንተ ጋር ስማር ነበር። በየቀኑ። ቀዳዳውን ከደፈናችሁትም በኋላ አልጋዬ ላይ ቆሜ ጆሮዬን ለጥፌ።»

«እርስዎ ዳዊት ያነቡ የለም እንዴ?» አለች እናቴ።

እንዝርቱን አቆሙት። «በቃሌ ነው። ገጹን እገልጣለሁ እንጂ የማየው አላውቀውም። ለቀበሌዎቹ ዳዊቱን ሳሳያቸው 'ማንበብ ትችላለች' ብለው ተውኝ። አሁን በዚህ ዕድሜዬ ከማን ጋር ሄጄ እቀመጣለሁ?» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ያን ቀን ኘ ብላችሁ ዝም አላችሁ። ተከታዩን ብጠብቅ ብጠብቅ የለም። የሕፃኑም ድምፅ የለም። ተጣልተናል፣ ምን አገባኝ ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ ደግሞ ተነሳሁ።»

እናቴ ነስሩን ከአልጋው አንስታ እቅፋቸው ውስጥ አስቀመጠችው። ከዚያ ደብተሬን ከትራስ ሥር አውጥታ ለእኔ ሰጠችኝ። ብርድ ስለነበረ ሦስታችንም አንድ ጋቢ ተጋርተን ለበስን። በሩ እንደተከፈተ ነው። ገና ሀ ብለን ስንጀምር አባቴ መጣ፤ ያን ቀን ሱቁን ከወትሮው ቀደም ብሎ ዘግቶ ነበር። ደፉ ላይ ሲደርስ እትዬ በላይነሽን አይቶ ቀጥ አለ። ይግባ ወይስ ይመለስ አላወቀም።

«ምን ትገተራለህ? ቤቱ ያንተ ነው፣ ግባ እንጂ» አሉት። «ጫማህን ግን አራግፍ፣ ጭቃ ነው።»

አባቴ ጫማውን ማራገፉን ትቶ አወለቀው። እርጥብ ካልሲውን እንዳደረገ ቆመ። «እትዬ...» ብሎ ጀመረ።

«አምፖሏንም ነገ ወደ ቦታዋ መልሳት። እኔ ወንበር ላይ መውጣት ደክሞኛል» አሉ፣ እሱን ሳያዩት። «ቀጥዪ አንቺ፣ እስኪመሽ ነው የምትጠብቂው?»

እኔ የምጠብቀው ትከሻ ለትከሻ ተሳስመው፣ ተላቅሰው፣ አንዱ «ይቅር በለኝ» ሲል ነበር። በትምህርት ቤት የሚታረቁ ልጆች እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። አባቴ ግን ጥግ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶን ኮቱን ምስማር ላይ ሲሰቅል፣ ሲያወርድ፣ መልሶ ሲሰቅል ቆየ። እትዬ በላይነሽም የነስሩን አፍንጫ ይጠርጋሉ።

«እማዬ፣ ታረቁ እንዴ?» አልኳት በጆሮዋ።

«እንጃ» አለች፣ ዓይኗን ደብተሩ ላይ እንዳደረገች። «እኔም አልገባኝም። አንብቢ።»

ከሀ ጀምረን ወረድን። ኘ ላይ ስንደርስ እናቴ ትንፋሿን ያዘች፣ እኔም ፈራሁ። አለፍነው።

«አ» አልኩ።

«አ» አሉ ሁለቱም ሴቶች።

ጥግ ላይ ጀርባውን ሰጥቶን የቆመው አባቴም፣ ማንበብ የሚያውቀው አባቴ፣ ከሁሉም ቆይቶ «አ» አለ።